እሩምታ የብዙ ጠመንጃ ነው ወይስ የአንድ አውቶማቲክ?

ብዕር ያዥ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የጦር ታሪክ እየተረጎምኩ ነው። አንድ ቃል ላይ ከአርታኢዬ ጋር መስማማት አቃተን። እናንተ ፍረዱን።

ቦታው ካናዳ ውስጥ፣ ኩቤክ ከተማ አጠገብ ያለው የአብርሃም ሜዳ ነው። ቀኑ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1759 እ.ኤ.አ.። የእንግሊዝ እግረኞች ተሰልፈው ቆመዋል። ፈረንሳዮቹ እየተኮሱ ይመጣሉ። እንግሊዞቹ ግን አይመልሱም። ጠመንጃቸውን ሁለት ሁለት አረር አጉርሰውታል። ጠላት ከ40 ሜትር በታች እስኪቀርብ ይጠብቃሉ። ከዚያ ትዕዛዝ ይሰጣል። መሃል ላይ ያለው ሰልፍ ባንዴ ይተኩሳል። ጦርነቱ በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። የሁለቱም ወገን አዛዦች፣ የእንግሊዙ ዎልፍም የፈረንሳዩ ሞንካልምም፣ በዚያው ቆስለው ሞቱ።

እኔ «ሰልፉ እሩምታውን ለቀቀው» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ ደግሞ «እሩምታ ማለት ክላሽ አውቶማቲክ ላይ ተደርጎ የሚተኮሰው ነው፤ አንባቢ መትረየስ ነው የሚታየው፤ በ1759 መትረየስ ከየት መጣ?» አለኝ። «በአንድነት ተኮሱ» በይ ይለኛል። ለእኔ ይሄ ቃል ሞቷል። የዚያን ቅጽበት ክብደት አይሸከምም።

እሩምታ የማን ነው?

ቃታ፦

አርታኢሽ ግማሹን ይዟል። ዛሬ አብዛኛው ሰው «እሩምታ» ሲል ከአንድ መሣሪያ ሳያቋርጥ የሚወጣውን ተኩስ ነው የሚያስበው። ክላሽ ላይ መምረጫው ሦስት ቦታ አለው። ላይ መቆለፊያ፣ መሃል አውቶማቲክ፣ ታች ነጠላ። መሃል ላይ አድርገሽ ቃታውን ስትስቢ የሚወጣው እሩምታ ይባላል። አጭር እሩምታ አለ፣ ረጅም እሩምታ አለ። ልዩነቱ ጣትሽን መቼ ታነሻለሽ የሚለው ነው።

ግን ቃሉ እዚያ ላይ አይቆምም። «የወታደር ቡድኑ እሩምታ ከፈተ» ሲባል ሁሉም መምረጫውን መሃል ላይ አደረጉ ማለት አይደለም። ባንድ ላይ ተኮሱ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ ሁለት ቤት አለው። አርታኢሽ አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ፊደል ቆጣሪ፦

እስማማለሁ። ሁለቱን ትርጉሞች የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ፤ ብዛት እና ቅጽበት። ብዙ ጥይት በጣም በአጭር ጊዜ። ያ ብዛት ከመቶ አፈሙዝ ይምጣ ከአንድ፣ ለሚሰማው ጆሮ ያው ነው። ለሚጽፍ ሰው ግን ያው አይደለም።

እግረ መንገዴን ስለ አጻጻፉ፦ «ሩምታ»ም «እሩምታ»ም ይጻፋል። ሁለቱም ይነበባሉ። አንዱን ይዘሽ እስከ መጨረሻው ሂጂ።

የድሮ ጎራሽ፦

ብዕር ያዥ፣ ቃልሽን እንዳትለቂ። ለምን እንደምል ላስረዳ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በዚያ ዘመን ባንዴ መተኮስ ለማስፈራራት ብቻ የተፈጠረ ልማድ አልነበረም። መሣሪያው ራሱ ያስገድድ ነበር። የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው ጠመንጃ አፈሙዙ ውስጡ ልሙጥ ነው። ጥይቱን የሚያሽከረክር ጠመዝማዛ ቦይ የለውም። የአፈሙዙ ስፋት 19 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አረሩ ደግሞ ሆን ተብሎ ከዚያ አንሶ ነው የሚሠራው፤ የባሩድ ጥቀርሻ በተጠራቀመ ጊዜም እንዲገባ። ስለዚህ አረሩ ሲወጣ ግራና ቀኝ እየተጋጨ ነው የሚወጣው። መጨረሻ የነካው ወዴት ከሆነ ወደዚያ ይሄዳል። ከ100 ሜትር በላይ ለይቶ አንድን ሰው መምታት የዕድል ጉዳይ ነበር።

አሁን አስቢው። አንድ ሰው ለብቻው ቢተኩስ ይስታል። ሦስት መቶ ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ባንዴ ቢተኩስ ግን ማን ማንን መታ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ከፊት ያለው ሰልፍ ላይ የሆነ ያህል ሰው ይወድቃል። ኢላማው ሰው ሳይሆን ሰልፍ ነው። የሚተኩሰውም ሰው ሳይሆን ሰልፍ ነው።

ሁለተኛው ነገር ማጉረሱ ነው። ወታደሩ የወረቀቱን ጥቅል በጥርሱ ይቀድዳል። ትንሽ ባሩድ ማቀጣጠያው ላይ ያደርጋል። የቀረውን በአፈሙዙ ይገለብጣል፣ አረሩን ከነወረቀቱ ያስገባል፣ በዘንግ ይጎስማል። የሠለጠነ ሰው በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። ያውም ባልጩቱ እሳት ከሰጠ ነው። ከተኮሰ በኋላ ለሃያ ሰከንድ ያህል እጁ ላይ ያለው ነገር ሳንጃ የተሰካበት ዱላ ነው።

ስለዚህ አዛዦች ትልቅ ጥያቄ ነበረባቸው። ሁሉም ባንዴ ከተኮሱ ድንጋጤው ከባድ ነው፤ ግን ሁሉም ባንዴ ባዶ ይሆናሉ። በየተራ ከተኮሱ ባዶ አይሆኑም፤ ግን ድንጋጤው ይሳሳል። ሁለት መቶ ዓመት ያህል የአውሮፓ እግረኛ ጦር በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው የዞረው።

ኔዘርላንድስ ውስጥ የናሳው ቪለም ሎደዋይክ በዲሴምበር 8 ቀን 1594 እ.ኤ.አ. ለአጎቱ ልጅ ለሞሪትስ ደብዳቤ ጻፈ። ስለ ሮማ ጦር ልምምድ ካነበበው ተነስቶ ነው። የፊተኛው ረድፍ ይተኩስ፣ ወደ ኋላ ሄዶ ያጉርስ፣ ቀጣዩ ረድፍ ይተካው የሚል ሐሳብ በሥዕል አድርጎ ላከ። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። ሦስት ረድፍ አደረጋቸው፤ የመጀመሪያው ይንበረከካል፣ ሁለተኛው ጎንበስ ይላል፣ ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሦስቱም ባንዴ ይተኩሳሉ። በ1631 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ብራይተንፌልድ ላይ ይህንን ተጠቅሞበታል።

ያንቺ ኩቤክ የዚህ ሁሉ ልጅ ነው። ሁለት አረር አጉርሶ፣ እየተመቱ ዝም ብሎ ቆሞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መተኮስ። ይህንን «በአንድነት ተኮሱ» ብለሽ ማለፍ የለብሽም።

ለማወቅ፦

ጥያቄ አለኝ። በየረድፍ ተራ በተራ ከተኮሱ ያ እሩምታ ነው? ወይስ ተከታታይ ተኩስ? ስለ ጃፓን ናጋሺኖ ሲወራ ሰምቻለሁ። በ1575 እ.ኤ.አ. የኦዳ ኖቡናጋ ጠመንጀኞች በሦስት ረድፍ እየተፈራረቁ ተኮሱ ይባላል።

የድሮ ጎራሽ፦

የናጋሺኖ ሦስት ረድፍ ታሪክ ጊዜ ካለፈ በኋላ የተጻፈ ነው ብለው ብዙ የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበታል። ጠመንጃ በብዛት መኖሩና ከአጥር ጀርባ ሆነው መተኮሳቸው ግን አያከራክርም።

ለጥያቄህ፦ እያንዳንዱ ረድፍ የሚተኩሰው አንድ እሩምታ ነው። ሲፈራረቁ «ተከታታይ እሩምታ» ይሆናል። ኋላ ላይ እንግሊዞች ሻለቃውን ረድፍ በረድፍ ሳይሆን ጎን ለጎን በትንንሽ ክፍሎች ከፋፈሉት። አንዱ ክፍል ሲተኩስ ሌላው ያጉርሳል፣ ሦስተኛው አጉርሶ ይጠብቃል። በሰልፉ ላይ ተኩሱ ከጫፍ ጫፍ ይዘላል። እዚያም ቢሆን መለኪያው ያው ነው። አንድ ትዕዛዝ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ቅጽበት።

ትዕዛዙ ሲቀርና እያንዳንዱ ወታደር እንዳጎረሰ ሲተኩስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በተግባር ብዙ ውጊያ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት እሩምታዎች በኋላ ወደዚያ ይፈርስ ነበር። ጭሱ፣ ጩኸቱ፣ ፍርሃቱ አለ። መኮንኑ ይጮኻል፣ የሚሰማው የለም። ያንን እሩምታ አትበሉት። እኔ «ልቅ ተኩስ» ነው የምለው።

ብዕር ያዥ፦

ይሄ በጣም ጠቅሞኛል። አንድ ትዕዛዝ የሚለውን ይዣለሁ። ለአርታኢዬ ግን አሁንም መልስ የለኝም። አንባቢው ዛሬ ነው የሚያነበው፤ ጆሮው ላይ ያለው የክላሹ እሩምታ ነው። ያንን እንዴት ላጥፋ?

ፊደል ቆጣሪ፦

ስሙን አትንኪው፣ ግሡን ቀይሪው። አማርኛ ላይ ልዩነቱን የሚሸከመው ግሡ ነው።

አንድ ሰው አውቶማቲክ መሣሪያ ይዞ ሲተኩስ ምን እንላለን? «አርከፈከፈው»። እጁ ይወዛወዛል፣ ጥይቱ ይበተናል። «አዘነበበት» እንላለን። «አንጣጣው» እንላለን። «ተንጣጣ» ራሱን ስሚው፤ ጣ ጣ ጣ የሚለው ውስጡ አለ። በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ያለው ድምፅ ነው፣ የተቆራረጠ፣ የማያባራ። ለኩቤክ ሰልፍ አንዳቸውም አይሆኑም። እዚያ የተሰማው አንድ ድምፅ ነው። «ጓ!» ብሎ ያበቃል። ከዚያ ጭስና ጸጥታ።

«ለቀቁት» ጥሩ ነው። ይዘው ቆይተው እንደነበር ይናገራል። «ሰልፉ ባንድ አፍ ተኮሰ» ደግሞ ይበልጥብኛል። ባንድ አፍ ስንል ሁሉም ተስማምተው፣ ባንድ ቃል ማለታችን ነው። አፈሙዝም አፍ ነው። ቃሉ ከራሱ ከመሣሪያው አካል ጋር ይገጥማል። «እስከዚያች ቅጽበት ይዘውት የቆዩትን እሩምታ ባንድ አፍ ለቀቁት» ብትዪ ማንም መትረየስ አይታየውም።

ሌላው ዘዴ ቁጥሩን ማሳየት ነው። «አንድ እሩምታ» በዪ። የአውቶማቲክን ተኩስ ሰው «አንድ» ብሎ አይቆጥረውም። «አንድ እሩምታ፣ ከዚያ ሳንጃ» ሲባል አንባቢ የጎራሽ ጠመንጃ ዘመን ውስጥ ራሱን ያገኘዋል።

ቃታ፦

«ይዘውት የቆዩትን» የሚለው ነገሩን ነው። ከተኩሱ ይልቅ አለመተኮሱ ነው ከባዱ።

ዜና ጠባቂ፦

እኔ ከሌላ ወገን ልምጣ። ዜና ነው ሥራዬ። እዚህ ያወራችሁት ነገር በየቀኑ የሚያናድደኝ ጉዳይ ነው።

ዜና ላይ «የተኩስ እሩምታ ተሰማ» የሚለው ሐረግ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ጣት ይጽፈዋል፣ አእምሮ አያየውም። የዓይን ምስክሩ ያለው ግን «ተኩስ ሰማሁ» ነው። ስንት ጥይት? አያውቅም። ከስንት መሣሪያ? አያውቅም። በስንት ጊዜ ውስጥ? አያውቅም። እኛ «እሩምታ» ስንል ግን ለአንባቢው ሦስቱንም መልሰንለታል። ብዙ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ምናልባትም የተቀናጀ ነው። ምስክሩ ያላለውን በአፉ አስገባንለት።

እና ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለት ሰው ያዝ ለቀቅ እያደረገ የተታኮሰበት ቦታና አንድ ክፍል በትዕዛዝ የተኮሰበት ቦታ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ላይ አዛዥ አለ፣ ውሳኔ አለ፣ ተጠያቂ ሰው አለ። ሰላማዊ ሰልፈኛ ላይ ሲሆን ደግሞ ይህ ልዩነት የሕግ ጉዳይ ነው። ደንግጦ የተኮሰ አንድ ሰው ነው ወይስ «ተኩስ!» ያለ ድምፅ ነበር? ቃሉን ያለ ማስረጃ ከተጠቀምን ያልነበረ ትዕዛዝ እንፈጥራለን። ማስረጃ እያለ ካልተጠቀምንበት የነበረ ትዕዛዝ እንደብቃለን።

ስለዚህ እኔ ጋ ደንቡ እንዲህ ነው። የተሰማው ብቻ ከሆነ «ተኩስ ተሰማ»። ረዘም ብሎ ከቆየ «ተከታታይ ተኩስ»። ከአንድ አውቶማቲክ መሆኑ ከታወቀ መሣሪያው ይጠራል። «እሩምታ» የሚጻፈው ብዙ መሣሪያ ባንድ ጊዜ መተኮሱን የሚናገር ምስክር ወይም ምስል ሲኖር ነው።

ለማወቅ፦

ይሄ ደንብ ጥብቅ ነው። ግን ገባኝ።

ታዲያ ለክብር የሚተኮሰውስ? 21 ጊዜ መድፍ ሲተኮስ እሩምታ ነው?

የድሮ ጎራሽ፦

አይደለም። 21ዱ መድፍ አንድ ባንድ ነው የሚተኮሰው። በመካከላቸው የተወሰነ ጥቂት ሰከንድ አለ፤ የሚቆጥር ሰው ሰዓት ይዞ ይቆማል። ባንዴ ቢተኮሱ 21 መሆናቸውን ማን ይቆጥራል? ክብሩ ያለው መቆጠሩ ላይ ነው።

ከዚህ ጋር ሁልጊዜ የሚምታታ ሌላ ሥርዓት አለ። በብዙ አገሮች ወታደር ሲቀበር ጥቂት ወታደሮች ጠመንጃ ወደ ሰማይ አንስተው ሦስት ጊዜ ይተኩሳሉ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ናቸው። ሰባት ሲባዛ በሦስት 21 ስለሚሆን ሰዉ «21 ጊዜ ተተኮሰለት» ይላል። ስህተት ነው። የተተኮሰለት ሦስት እሩምታ ነው። ሰባቱ ጠመንጃ እንደ አንድ ድምፅ ካልተሰማ ሥርዓቱ እንደተበላሸ ነው የሚቆጠረው። ለዚያ ነው ለዚህ ብቻ የሚለማመዱት።

አመጣጡን በተመለከተ፣ በድሮ ጦርነት ሁለቱ ወገኖች ሙታናቸውን ለማንሳት ተኩስ ያቆሙ ነበር፤ ሦስት እሩምታ ሲሰማ ማንሳቱ አልቋል፣ ውጊያው ይቀጥል ማለት ነበር ይባላል።

ብዕር ያዥ፣ መጽሐፍሽ ውስጥ ቀብር ካለ ይህንን ተጠንቀቂ።

ፊደል ቆጣሪ፦

የሚገርመው እሩምታን የሚጠሩበት «ሳልቮ» የሚለው የአውሮፓ ቃልም ከሰላምታ ነው የመጣው። ላቲኑ «ሳልቬ» ሰላም ላንተ ይሁን ማለት ነው። መርከብ ወደብ ሲደርስ መድፉን ተኩሶ ባዶ ያደርጋል፤ እጄ ባዶ ነው፣ ለጠብ አልመጣሁም ለማለት። ሌላው የእሩምታ ስማቸው «ቮሊ» ደግሞ መብረር ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ኳስ ተጫዋች መሬት ሳትነካ የሚመታትን ኳስ ቮሊ የምንለው በዚያው ነው፤ በአየር ላይ እያለች ስለሆነ። እኛ እሩምታን ከሁለቱም ጋር ማጋባት የለብንም። የእኛ ቃል ሰላምታም መብረርም የለበትም። ድምፅና ብዛት ነው ያለው።

ቃታ፦

መትረየስ የሚለውን ረሳችሁት። እዚህ ክርክር ውስጥ ዋናው ምስክር እሱ ነው።

መትረየስ ከፈረንሳይኛ የገባ ቃል ነው። ፈረንሳዮች በ1866 እ.ኤ.አ. የያዙት መሣሪያ ስሙ ነበር። ሲያዩት መድፍ ይመስላል፣ ጎማ አለው፣ በፈረስ ይጎተታል። ውስጡ ግን 25 የጠመንጃ አፈሙዝ አንድ ላይ ታስሯል። 25 ጥይት የተሰካበት ሳህን ከኋላ ይገባል። ተኳሹ እጀታውን ሲያዞር 25ቱ እጅግ ተቀራርበው ይወጣሉ። ሳህኑ ይወጣና ሌላ ይገባል። በደቂቃ ከ100 ጥይት በላይ ይተኩስ ነበር። በ1870 ከፕሩሲያ ጋር ሲዋጉ ብዙ ተስፋ ጥለውበት ነበር፤ ግን ከመድፎች ጋር ሩቅ ቦታ አቆሙት፣ የጠላት መድፍ ለቅሞ መታው።

የማሰር ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰባት አፈሙዝ ያለው የትከሻ ጠመንጃ ነበረው። ቃታው አንድ ነው፤ ሲሳብ ሰባቱም ባንዴ ይተኮሳሉ። ግፊቱ ትከሻ ይጎዳ ነበር። ከአፈሙዙ የሚወጣው እሳት ደግሞ የመርከቡን ሸራ እንዳያቃጥል ይፈራ ነበር። እና ተተወ።

ልብ በሉ። የአንድ ሰልፍ እሩምታ መጀመሪያ ወደ አንድ መሣሪያ ገባ፣ 25 አፈሙዝ ሆኖ። ቀጥሎ አፈሙዙ አንድ ሆነና ጥይቱ ተከታትሎ መውጣት ጀመረ። መትረየስ የሚለው ስም ግን አልተቀየረም። እሩምታም ያንኑ መንገድ ነው የሄደው። ትርጉሙ የሰፋው በስንፍና አይደለም። መሣሪያው ነው የሰልፉን ሥራ ለብቻው የተረከበው።

ብዕር ያዥ፦

ይሄንን ቀጥታ ለአርታኢዬ ነው የምልከው።

መድፈኛው፦

ልጆች፣ እናንተ ጠመንጃ ላይ ብቻ ቆማችኋል። የመድፍ ቤት ሰው ነኝ፤ እኛ ጋ «ባንዴ» የሚለው ቃል ራሱ ያስቸግራል።

በመጀመሪያ፣ መድፍ ባንዴ የሚተኮሰው ለማስፈራራት ብቻ አይደለም። ለመለካትም ነው። ባሕር ላይ በጣም ግልጽ ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ድሬድኖት የተባለችውን መርከብ ሲያወጡ አሥር ባለ 305 ሚሊ ሜትር መድፍ ጫኑባት። ዋናው ነገር ሁሉም አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ከዚያ በፊት መርከብ ትልቁንም ትንሹንም መድፍ ቀላቅላ ትተኩስ ነበር። ውሃው ላይ ሲወድቅ የሚነሳው ምሰሶ የየትኛው መድፍ እንደሆነ አይለይም። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው ባንዴ ሲተኮሱ ግን ምሰሶዎቹ በአንድ ቦታ ተጠጋግተው ይነሳሉ። ተመልካቹ ያያል። ከኢላማው አለፈ፣ ርቀት ቀንስ። አጠረ፣ ጨምር። ግማሹ ከኢላማው ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ከወደቀ ርቀቱ ተገኝቷል ማለት ነው። አንድ ጥይት ብቻዋን ይህንን አትነግርህም፤ በአጋጣሚ ስታ ሊሆን ይችላል። ስብስቡ ነው የሚናገረው።

ሁለተኛው ነገር፣ እኛ ባንዴ ስንል መተኮሱን ነው ወይስ ማረፉን? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ይህን ጥያቄ በሚገባ መለሱት። የተለያየ ቦታ ያሉ መድፎች ለአንድ ኢላማ ይመደባሉ። የራቀው ጥይቱ ረጅም ጊዜ አየር ላይ ይቆያል፣ የቀረበው አጭር። ስለዚህ የራቀው ቀድሞ ይተኩሳል፣ የቀረበው ዘግይቶ። ሁሉም ግን በአንድ ሰከንድ ኢላማው ላይ ይደርሳሉ። ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በቢቢሲ ሬዲዮ የሰዓት ምልክት ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ያለ እግረኛ የመጀመሪያው ጥይት ሲወድቅ መሬት ይተኛል፣ ምሽግ ይገባል። ሁለተኛው የሚያገኘው የተኛ ሰው ነው። ሁሉም ባንዴ ካረፈ ግን ለመተኛት ጊዜ የለም።

ዛሬ አንድ መድፍ ብቻውን ይህንን ያደርጋል። የጀርመኑ ፓንሰርሃውቢትሰ 2000 የአፈሙዙን ከፍታና የባሩዱን መጠን እየቀያየረ እስከ አምስት ጥይት ይተኩሳል፤ የመጀመሪያው ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ዝቅ ብሎ። አምስቱም ባንድ ላይ ይወርዳሉ። በመተኮሻው በኩል ከቆማችሁ ተራ በተራ ነው። በመውደቂያው በኩል እሩምታ ነው።

ለማወቅ፦

ጋሼ፣ ሮኬቱስ? ቢኤም ሲተኮስ ሁሉም «እሩምታ» ነው የሚለው።

መድፈኛው፦

እሱ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው፣ የሩሲያው ካትዩሻ፣ ጁላይ 14 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ኦርሻ ላይ ሲተኮስ አንዱ መኪና 16 ሮኬት ይዞ ነበር። በአሥር ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። በኋላ የመጣው ቢኤም 21 አርባ ሮኬት አለው፤ በ20 ሰከንድ ይለቅቃል። በየግማሽ ሰከንዱ አንድ ማለት ነው። ባንዴ አይተኮሱም፣ ሆን ተብሎ። ባንዴ ቢወጡ እሳታቸው እርስ በርስ ይረባበሻል፣ መኪናውም ይናወጣል፣ ኢላማው ይበላሻል።

ቃሉን በጥብቅ ከያዝከው ተከታታይ ነው። ግን እኔ «የሮኬት እሩምታ» ለሚል ሰው አልከራከርም። አርባው እንደ አንድ ምት ነው የሚታሰበው። ትዕዛዙ አንድ ነው፣ ኢላማው አንድ ነው፣ ካበቃ በኋላ መኪናው ቦታ ለቅቆ ይሄዳል። ሁለተኛ ትዕዛዝ የለም። ለእኔ እሩምታን እሩምታ የሚያደርገው ይሄ ነው። ግማሽ ሰከንዱ አይደለም።

ከዚህ የሚለየው ለሰዓታት የሚዘልቀው ነው። እሱ «ድብደባ» ነው። ሌሊቱን ሙሉ «እሩምታ» ሲሆን አደረ የሚል ጽሑፍ ሳይ ይከፋኛል። እሩምታ አያድርም።

ዜና ጠባቂ፦

ጋሼ፣ «እሩምታ አያድርም» የሚለውን ቢሮ ውስጥ እለጥፈዋለሁ።

ፊደል ቆጣሪ፦

ከጦር ሜዳ ወጥቶም ይህ ይሠራል። «የጥያቄ እሩምታ» እንላለን። ጋዜጠኞች ሚኒስትሩን ከየአቅጣጫው ባንዴ ሲጠይቁ ትክክል ነው። ብዙ አፍ አለ፣ አንድ ቅጽበት አለ። አንድ ጋዜጠኛ ለሁለት ሰዓት ሲያፋጥጥ ግን እሩምታ አይደለም። «ጥያቄ አዥጎደጎደበት» ይበቃል። ለስድብና ለትችት «ውርጅብኝ» አለን፤ እሱ ከላይ የሚወርድ፣ የማያባራ ነው። «ናዳ»ም አለን። ከባድ ነው፣ አንዴ ከተናደ አይመለስም። እነዚህ ቃላት የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ሁሉንም በእሩምታ ከተካናቸው ቋንቋችን ላይ የነበረ ልዩነት በከንቱ ይጠፋል።

ለማወቅ፦

የመጨረሻ ጥያቄ። አሁን ባለው ጦር ጠመንጃ ይዞ በትዕዛዝ ባንዴ መተኮስ ቀርቷል ማለት ነው? ከቀብሩ ሥርዓት ሌላ።

የድሮ ጎራሽ፦

በሩቅ ርቀት የሚደረገው ቀርቷል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የእንግሊዝ ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ ጎኑ ላይ ለዚሁ ብቻ የተሠራ ሁለተኛ ማነጣጠሪያ ነበረው፤ ከ2,000 ያርድ በላይ የሚያሳይ። በዚያ ርቀት አንድ ሰው አይታይም። ሐሳቡ አንድ ሙሉ ክፍል ባንዴ ተኩሶ አንድ የሜዳ ቁራጭ በጥይት እንዲሸፍን ነበር። ጦርነቱ ላይ ያንን ሥራ መትረየሱ ወሰደው። ማነጣጠሪያው በጦርነቱ መካከል ከጠመንጃው ላይ ቀረ።

ቃታ፦

በቅርብ ርቀት ግን አልቀረም። ደፈጣ ላይ አለ። ጠላት የተመረጠው ቦታ እስኪገባ ሁሉም ዝም ይላል። አዛዡ «ተኩስ» ብሎ አይጮኽም፤ ድምፁ ጠላትን ለአንድ ሰከንድ ያስነቃዋል። ራሱ ይተኩሳል፣ ወይም ፈንጂ ያፈነዳል። ያ ምልክቱ ነው። በዚያች ቅጽበት የሁሉም ቃታ ይሳባል። አንድ ሰው ቸኩሎ ቀድሞ ከተኮሰ ደፈጣው ተበላሸ ማለት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በኋላ እያንዳንዱ የየራሱን ኢላማ ይዞ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ያለው ተኩስ ነው እንጂ እሩምታ አይደለም።